በቅስቱ ሥር የታረደው ሙክት

ጅቡቲ መሀል ከተማ ያለው ያ ነጭ ቢሮ ከባሕር በተቆረጠ ድንጋይ ነው የተሠራው። ግድግዳውን ተጠግቶ ላየው ዛጎሉ ይታያል፤ ባሕሩ ራሱ ተነሥቶ በረንዳ የሠራ ይመስላል። ፊት ለፊት እንደ ደጋን ጎብጠው የተደረደሩት ቅስቶች ግን የተጀመሩት በደም ነው።

ባንቲሁን የጎንደር ግንበኛ ነበር። የባቡሩ ድልድይ ሥራ ሲያልቅ ወደ ወደቡ ወረደ። ቢሮውን የሚያሠራው ፈረንሳዊ ነጋዴ የመጀመሪያውን ቅስት ለእሱና አማርኛን ድሬዳዋ ለለመደው የመናዊ ድንጋይ ጠራቢ ለሙጠሊብ በጋራ ሰጠ። ለቀሩት ቅስቶች ከሁለቱ አንዱ አለቃ ይሆናል። ባንቲሁን ያንን አለቅነት እንደ ውሃ ተጠምቶታል።

ቅስቱ በተገጠመ ቀን ነጋዴው ለሠራተኞቹ አንድ ሙክት ላከ። አንድ ብቻ፤ ፈረንጅ ምን ያውቃል። በባንቲሁን አገር የሕንፃውን በግ የሚያርደው የግንበኞቹ አለቃ ነው። ባንቲሁን ማንንም ሳይጠይቅ ሙክቱን ከቅስቱ ሥር ጣለና «በስመ አብ» ብሎ ካራውን አሳለፈበት።

ሙጠሊብ ኖራውን ከእጁ እያራገፈ መጣ።

«ባንቲ፣ ማን እንዲበላው ነው ያረድኸው?»

«የራበው ይበላዋል።»

«እኛ ክርስቲያን ያረደውን እንደማንበላ እያወቅህ?»

«እንግዲያ ዓሣህን ብላ፤ ባሕሩ ደጅህ ነው።»

ሙጠሊብ ወደ ሰዎቹ ዞረ። «አንድ በግ ማካፈል ያቃተው ሰው ሊያዘን ነው አሉ።»

ሳቁ። ባንቲሁንን ያሳበደው ያ ሳቅ ነው። ደም በነካ እጁ ሙጠሊብን በጥፊ አጮለው። ወዲያው ሠራተኞቹም ገቡበት፤ አካፋ በትከሻ፣ መዶሻ በጥርስ ላይ ወረደ፤ አንዱ በሌላው ዐይን ኖራ በተነ። ባንቲሁንና ሙጠሊብ ተናንቀው ሲወድቁ ቅስቱን የደገፈውን እንጨት ገጩት። ግንቡ ገና እርጥብ ነበር። እንጨቱ ሲንሸራተት ባንቲሁን ጠቡን ትቶ ሊይዘው ቀኝ እጁን ሰደደ። ቅስቱ በእጁ ላይ ወረደ።

ድንጋዩን በትከሻው ፈንቅሎ ያወጣው ሙጠሊብ ነው፤ እየተሳደበ፣ እያለቀሰ። ሐኪሙ የደቀቀውን እጅ ከአንጓው ቆረጠው።

አለቅነቱ ለሙጠሊብ ሆነ። የወደቀውንም መልሶ ገነባ። ባንቲሁን በዚያው ቢሮ በዘበኝነት አረጀ፤ በቅስቱ ሥር ከሚያስገባው ዋናው በር ይልቅ ግን ዞሮ በጎን በር ይገባ ነበር።

«በቅስቱ ሥር እለፍ እንጂ፤ ይኸኛው አይወድቅም» አለው አንድ ቀን ሙጠሊብ።

«አውቃለሁ» አለ ባንቲሁን። «የማላልፈው በአንተ እጅ ስለቆመ ነው።»