የአባቴ እጅ ወይስ የሞተሩ መሪ

አባቴን የላም ሐኪም ነው ብዬ ስናገር ይቆጣኛል። «ክትባት ወጊ በይ» ይላል። ለእኔ ግን ያው ነው። ጠዋት ከናዝሬት በሞተር ሳይክል ተነስቶ አዋሽን ይሻገርና በደራ ዙሪያ ባሉ መንደሮች ከብት ሲወጋ ይውላል፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አቧራ ለብሶ ይመለሳል። የሞተሩን ድምፅ ከጋሪ ፈረሶች ኮቴ መሀል ለይቼ አውቀዋለሁ፤ ገና ከዋናው መንገድ ሲታጠፍ ነው በር የምከፍተው።

ዘንድሮ ጥቅምት ላይ አንድ አዲስ ነገር አመጣ። ራት ከበላን በኋላ የመሥሪያ ቤቱን ቅጽ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና እስክሪብቶውን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ፣ «አንቺ ጻፊልኝ፤ ያንቺ ፊደል ያምራል» አለኝ። የአማርኛ አስተማሪያችን ድርሰቴን ተማሪው ፊት ቆሜ እንዳነብ ካደረጉኝ ሳምንት አልሞላውም ነበር። ወሬው ደርሶት ነው ብዬ የምሆነውን አጣሁ። እሱ ይነግረኛል፣ እኔ እጽፋለሁ፤ የመንደሩን ስም፣ የበሬውን ብዛት፣ የላሙን ብዛት። ቅጹ ላይ ቦታ ያጣውን ሁሉ ደግሞ ለራሴ በደብተሬ አሰፍረዋለሁ። ያመለጠው ወይፈን ማንን እንደጣለ፣ ድልድዩ ላይ ነፋሱ እንዴት እንደነበር፣ ገበሬዎቹ ምን እንደሰጡት።

ገበሬዎቹ ሳይሰጡት አይሸኙትም። ከብቱ የተወጋለት ሰው አባቴን ባዶ እጁን ቢሰድድ ነውር ነው፣ አባቴም አልቀበልም ቢል ነውር ነው። ስለዚህ በኦሮምኛ «ገለቶማ» ብሎ አመስግኖ ይቀበላል፤ ድንች፣ ገብስ፣ ሽንኩርት፣ አንዳንዴም ሕፃን የሚያክል ዱባ። መስከረም ላይ የሞተሩ የኋላ መጫኛ ጠበበውና በያጅ ዘንድ ወስዶ ብረቱን ወደ ኋላ ሁለት ስንዝር አስረዘመው። እማዬ ዙሪያውን ዞራ አይታ፣ አሁን ገና ሞተር ሆነ ብላ መረቀችው።

አንድ ሐሙስ ክርኑ ተልጦ መጣ። ከደራ ሲመለስ ቁልቁለቱ ላይ ፍጥነቱ ሰባ ሲደርስ መሪው ግራ ቀኝ መርገብገብ ጀመረ አለን። እምቢ እንዳለች በቅሎ ራሱን ይነቀንቃል። አጥብቆ ሲይዘው ጭራሽ ባሰበት። በመጨረሻ ከአስፋልቱ ወጥቶ ቦይ ውስጥ ተጋደመ። ነገሩ ያን ቀን የመጀመሪያው እንዳልነበረም ተናገረ፤ ሲደብቀን ከርሟል።

በማግስቱ ሞተሩን እየገፋን ወደ ጋራዥ ወሰድነው። የጋራዡ ባለቤት ቆብ ከራሳቸው የማይለይ፣ አንድም ሰው ሳይቀልዱ የማያሳልፉ የወሎ ሽማግሌ ናቸው፤ ሰፈሩ በሙሉ ጋሼ ይላቸዋል። አባቴ እንዴት እንደሚያንቀጠቅጠው ዘርዝሮ ሲጨርስ፣ «ምነው ዶክተር» አሉት፣ «ሞተሩንም ክትባት ወጋኸው እንዴ? ትኩሳት ይዞታል እኮ።»

ቀልዳቸውን ጨርሰው ግን እንደ ወጌሻ ነው የዳበሱት። የጎማዎቹን ንፋስ ለኩ። የጎማውን ሽቦዎች አንድ በአንድ በመፍቻ እየመቱ ድምፃቸውን አዳመጡ፤ የላላችዋ ድምፅዋ ይደፈናል ብለው እኔንም አስመቱኝ። የፊቱን ጎማ ከመሬት አንስተው መሪውን በአንድ ጣት አዞሩት፣ ኩሽኔታው አልተበላም። የኋላውን ጎማ ጨብጠው ወዘወዙ፣ ጠንካራ ነው። ብሎኖቹን ሁሉ አጠበቁ። አባቴ ማክሰኞ ወደ ደራ ሄደ፤ ሲመለስ እዚያው ቁልቁለት ላይ ሞተሩ አሁንም ራሱን ነቀነቀበት።

ያን ጊዜ አባቴ አንገቱን ደፍቶ፣ እስቲ እርስዎ ይንዱልኝ አላቸው። ጋሼ ቆባቸውን ወደ ኋላ አዙረው ሄዱ። ብዙም ሳይቆዩ እየሳቁ ተመለሱ። ሰማንያ ድረስ ወስደውታል፤ ቀጥ ብሎ ሄዷል፣ ውኃ ቢጫንበት አይፈስም። እኔ አጨበጨብኩ። አባቴ ግን ፊቱ ጠቆረ። አመሰገናቸውና ሞተሩን እየገፋ ወደ ቤት ወሰደው።

እማዬ ናት ጓዳ ውስጥ ምሥጢሩን የነገረችኝ። የአባቴ አባት እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። መጀመሪያ ከሰዓት በኋላ ሲደክማቸው ብቻ፣ ኋላ ቀኑን ሙሉ፤ መጨረሻ ላይ አባቴ ነው ሻይ በማንኪያ ያጠጣቸው። አባቴንም ሞተሩ የሚያንቀጠቅጠው ከሰዓት፣ ሥራ ሲያደክመው ነው። «ጋሼ ሲነዱት ደህና ከሆነ፣ እሱ ሲነዳው ካልሆነ፣ ምን ይበል?» አለችኝ እማዬ። ወሩ ሲያልቅ ሞተሩን አስረክቦ አሰላ፣ መድኃኒት መጋዘን ውስጥ ለመሥራት ማመልከቻ ሊያስገባ አስቧል።

እስክሪብቶውን ለምን ወደ እኔ እንደገፋው ያኔ ገባኝ። ፊደሌ አምሮት አልነበረም። የራሱን ፊደል ማየት ፈርቶ ነው።

አባቴን መጋዘን ውስጥ ላስበው ብሞክር አቃተኝ። ወይፈን እያባረረ የሚስቅ ሰው ካርቶን ሲቆጥር ሊታየኝ አልቻለም። በዚያ ሳምንት ራት ላይ ዓይኔ እጁ ላይ ሆነ። ብርጭቆ ሲያነሳ አየዋለሁ፣ እሱም ሳየው ያየኛል፤ ከዚያ እጁን ከጠረጴዛው በታች ያስገባል። እኔም አፍሬ ዓይኔን ወደ ቅጹ እመልሳለሁ።

ቅዳሜ ከገበያ ስንመለስ እማዬና እኔ ጋሪ ተሳፈርን። ከኋላ አንዲት ወፍራም ሴትዮ ከነሽንኩርት ጆንያቸው ተቀምጠዋል። ጋሪው ገና መንቀሳቀስ ሲጀምር ፊቱ ተነሳ፤ ፈረሱም ተንጠልጥሎ ኮቴው አስፋልቱ ላይ ተንሸራተተ። ባለጋሪው ዞር ብሎ፣ «እናቴ፣ ወደ ፊት ጠጋ ይበሉልኝ፤ ፈረሴ መሬት መርገጥ አቃተው» አላቸው።

«ገለባ ከልክለኸው እኔን ታማለህ?» አሉት ሴትዮዋ፣ ግን ጆንያቸውን እየጎተቱ ተጠጉ። ፈረሱም መሬቱን ረገጠና ቀጥ ብሎ ሄደ።

እኔ ከዚያ በኋላ የተባለውን አልሰማሁም። ዓይኔ ላይ የመጣው የአባቴ ሞተር ነው፤ ያ ሁለት ስንዝር የረዘመ ብረትና ጫፉ ላይ የታሰረው የድንች ጆንያ። የፊቱ ጎማስ እንደ ፈረሱ ተንጠልጥሎ ቢሆንስ? ቤት ስንደርስ ዘንቢሉን በር ላይ ጥዬ ደብተሬን ገለጥኩ።

አባቴ ነቀነቀብኝ ያለበትን ቀን ሁሉ አሰመርኩበት። ሐሙስ፣ ድንች ግማሽ ጆንያ። ማክሰኞ፣ ገብስ። አርብ፣ ሽንኩርትና ዱባ። ካልነቀነቀባቸው ቀኖች ውስጥ አንዱ ገበሬዎቹ ስብሰባ ተጠርተው ከብት ሳይመጣ የቀረበት፣ አባቴም ባዶውን የተመለሰበት ነው። ሌላው ቀን የሰጡት አንዲት ዶሮ ነበረች፤ እሷን ጃኬቱ ውስጥ ከትቶ ነው ያመጣት፣ በአንገትጌው በኩል መንገዱን እያየች። ጠዋት ጠዋት ሲሄድማ የክትባቱን የበረዶ ሳጥን በትከሻው አንግቶ ስለሆነ መጫኛው ባዶ ነው። ጋሼም የሞከሩት ባዶውን ነው።

ለአባቴ ቆሜ አነበብኩለት፤ ክፍል ውስጥ እንዳነበብኩት ሳይሆን መስመሩን በጣቴ እየተከተልኩ። ደብተሩን ከእጄ ወስዶ አየው። ከዚያ፣ «ድንቹ ነው የምትይኝ?» አለ።

«ድንቹ አይደለም አባዬ። የተቀመጠበት ቦታ ነው።»

አላመነኝም፤ ወይም ማመን ፈራ። ግን ተነስቶ ጫማውን አደረገ።

ጋሼ ደብተሬን ዓይናቸው ሥር አስጠግተው አነበቡ፣ ዶሮዋ ጋ ሲደርሱ ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸው ቆመና የኋላውን ብረት በስንዝራቸው ለኩት። የዚያን ሳምንት የቤንዚን ኩፖናችን አልቆ ነበርና ከራሳቸው ጀሪካን አንድ ሊትር ቀዱ። ከቤት ያመጣነውን ድንች እንደ ወትሮው ጫፉ ላይ ጭኖ እንዲያስር አባቴን አዘዙትና ራሳቸው ወጡበት። አባቴ እንዳይሮጡ፣ ቀስ ብለው እንዲያዩት ደጋግሞ ለመናቸው። ድምፁ እስኪጠፋ አዳመጥን። አባቴ ሁለት እጁን ብብቱ ሥር አስገብቶ ቆሟል። እጄን አስገብቼ አንዱን ያዝኩት። ላብ አጥምቆት ነበር እንጂ አልተንቀጠቀጠም።

ጋሼ ሲመለሱ አልሳቁም። ሞተሩን አቁመው ወረዱና ቆባቸውን አወለቁ፤ መላጣቸውን ያን ቀን ነው ያየሁት። እጃቸውን አባቴ ፊት ዘረጉ። ጣቶቻቸው ይርገበገባሉ።

«እየው ዶክተር፤ የኔም ተንቀጠቀጠ። ወይ ሁለታችንም ታመናል፣ ወይ ሞተሩ ነው።»

አባቴ መጀመሪያ ያን እጅ አየ፣ ቀጥሎ የራሱን። ከዚያ እዚያው የዘይት በርሜል ላይ ቁጭ ብሎ ፊቱን በክንዱ ሸፈነ። ጋሼ ወደ እኔ ዞረው፣ «አንቺ ጸሐፊ፣ መጋዝ አቀብዪኝ» አሉኝ፤ እንዳላይበት ብለው ይመስለኛል።

ሁለቱን ስንዝር በመጋዝ ቆረጡት። ስጦታው ለሁለት ተከፍሎ በግራና በቀኝ ዝቅ ብሎ እንዲንጠለጠል መከሩን፤ እማዬ ከአሮጌ ሸራ ሁለት ኪስ ሰፋችለት። ሌላም ነገር ነገሩት። ሞተር ራሱን ሲነቀንቅ አንቀህ አትያዝ፣ ጫጩት እንደያዝክ ያዘው፣ ነዳጁን ቀስ ብለህ ቀንስ፣ ፍሬኑንም አትርገጥ አሉት።

ሰኞ አባቴ ደራ ዋለ። ሞተሩ ከዋናው መንገድ ሲታጠፍ ሰምቼ በር ከፈትኩ። በሁለቱ ኪስ ድንች ሞልቶ፣ አቧራ ለብሶ፣ ጥርሱ ብቻ ነጭ ሆኖ ገባ። ገና ሳይወርድ፣ ሰባ አምስት ገብቶ መሪው ውልፍት እንዳላለ ነገረን።

ራት ከበላን በኋላ ቅጹን ዘረጋ። እስክሪብቶውን ግን ወደ እኔ አልገፋውም። እጁን ጠረጴዛው ላይ ትንሽ አሳረፈና ጻፈ፤ የመንደሩን ስም፣ የበሬውን ብዛት። ፊደሉ ወደ ቀኝ ዘንበል ያለ፣ አንዱ አንዱን የተደገፈ፣ ግን ከመስመሩ የማይወጣ ነው። እማዬ ሳህን ይዛ መሀል ቤት ቆማ አየችው።

አንድ መስመር ሲጨርስ ራቅ አድርጎ ተመለከተው። ከዚያ እስክሪብቶውን ወደ እኔ ገፋው።

«ያንቺ ግን ያምራል» አለኝ። «ጻፊ፣ ላም ሠላሳ ሁለት።»