ከኪሪስማስ እስከ ታራዋ

ነይ ማካሬታ በኪሪስማስ ደሴት አውሮፕላን ማረፊያ መንገደኛን ከነሻንጣው የምትመዝን ሴት ናት። «ነይ» እዚህ ከሴት ስም ሁሉ የሚቀድም ማክበሪያ ነው፤ በእኔ በሐበሻው ጆሮ ግን፣ እዚህ አርባ ዓመት ኖሬም፣ ዛሬም ጥሪ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሚዛኑ አጠገብ ቆማለች።

«ይሄ ሚዛንሽ ቂም ይዞብኛል» ይሏታል ወፋፍራሞቹ ዓሣ አጥማጆች።

«ቂም የለውም፤ የበላኸውን ነው የሚመሰክርብህ» ትላለች።

እናቷ የምትኖረው ታራዋ ነው፤ እዚሁ አገራችን ውስጥ ያለ ሌላ ደሴት። በቀጥታ ቢበረር ሦስት ሺህ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ቢበዛ አምስት ሰዓት። በቀጥታ የሚበር ግን የለም። የረቡዑ አውሮፕላን ፊጂ ያደርሳል፤ ከፊጂ ወደ ታራዋ የሚነሳው አርብ ነው። ከቤት ወደ ቤት ለመሄድ በሰው አገር ማደር ግድ ነው።

እሑድ ጠዋት እንደ ጎረቤት እቤቷ ተቀምጬ ሳለሁ ወንድሟ ቶካታኬ ከታራዋ ደወለ፤ ድምፁ ለእኔም ይሰማል።

«እትዬ፣ እማ አረፈች። ጎህ ሲቀድ።»

«ገላዋን ማን አጠበው?»

«አክስቶቻችን። ሽማግሌዎቹ በሦስተኛው ቀን፣ ማክሰኞ ትቀበር ይላሉ። ግን የበኩር ልጇ ነሽ። የምትደርሺ ከሆነ ከዓሣው መጋዘን በረዶ አምጥተን እስከ ረቡዕ ማታ እናቆያታለን። ትደርሻለሽ?»

ቀና ብዬ አየኋት። «አዎ» ብትል ያምኗታል፤ የአውሮፕላኑን ነገር ከሷ በላይ የሚያውቅ የለም። እናቷ አንድ ቀን ከመሬት በላይ ትቆይላታለች። እሷ ግን ረቡዕ ማታ ፊጂ ናት። ያ ቀን የሚተርፈው ለሙቀቱና ለዝንቡ ነበር።

«አልደርስም። አርብ ነው የምገባው።»

«ሌላ የለም? የጭነትም ቢሆን?»

«የለም፣ ወንድምዬ።»

«ታዲያ ምን ልበላቸው?»

«ቅበሯት በላቸው።»

ወጣት ሳለሁ፣ ርቀት በሁለት ቦታዎች መካከል ያለ ነገር ነው ብለው አስተምረውኛል፤ እኔም መምህር ሆኜ ለሌሎች አስተምሬዋለሁ። አሁን እንጃ። ሦስት ሺህ ኪሎ ሜትሩን ባሕሩ አላሰፋውም፤ የበረራውን መንገድ የሚወስኑት ሰዎች ናቸው፣ እነሱ ደግሞ ማካሬታን አያውቋትም።

ማክሰኞ ዕለት በታራዋ አሥር ሰዓት ላይ ትቀበራለች ተባለ። እዚህ አሥር ሰዓት ሲሞላ ማካሬታ ምንጣፏ ላይ ቁጭ አለች። የታራዋ ሰዓት ከእኛ በሁለት ሰዓት ይዘገያል።

«ገና ነው፣ ልጄ» አልኳት ላጽናናት ብዬ፤ «አሁንም እቤቷ ናት።»

«አውቃለሁ፣ አባባ። ሁለት ሰዓት ምን ያደርግልኛል?»

የእኛ አሥራ ሁለት፣ የእነሱ አሥር ሰዓት እስኪሞላ ምንጣፉ ላይ አብሬያት ተቀመጥኩ።