በሚካኤል ዕለት ያልተለካው ዝናብ

ሥራ የጀመርኩት ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ቢሮው ደብረ ታቦር ውስጥ የዝናብ መረጃ የሚሰበስብ አነስተኛ ፕሮጀክት ነበር። ኃላፊያችን አቶ ምናለ ወንበሬን አሳይተውኝ የመጀመሪያውን ትምህርት እንደቆሙ ሰጡኝ።

"በየገጠሩ ዝናብ የሚለኩልንን ተመልካቾች መዝገብ ወደ ኮምፒዩተር ታስገቢያለሽ። ሲያልቅ ፕሮግራሙ የፋይሉን አሻራ ያወጣል፤ አሻራው ብሎክቼይን ላይ ይመዘገባል። ፋይሉን ለሁሉም ክፍት አድርገን እንለቀዋለን።"

ብሎክቼይን ብዙ ኮምፒዩተሮች ቅጂውን የሚይዙት፣ ማንም ብቻውን የማይፍቀው መዝገብ ነው። አሻራው ደግሞ ከፋይሉ የሚወጣ ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር ነው። ፋይሉ ውስጥ አንዲት ነጥብ ከተነካች አሻራው ሌላ ይሆናል። ፋይሉን ያወረደ ሰው የቅጂውን አሻራ ከተመዘገበው ጋር አመሳክሮ እኛ ያወጣነው መሆኑን ያረጋግጣል።

መዝገቦቹ በየወሩ በሚኒባስ ይመጡ ነበር። ቀኑን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር እለውጣለሁ፤ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አስገብቼ አስተያያለሁ። ፕሮግራሙ ባዶ ሳጥን ካገኘ አያሳልፍም። የአንድ ዓመት ፋይል ሲሞላ በራሴ ዲጂታል ቁልፍ ፈርሜ አስመዘገብኩ። አቶ ምናለ "ንጹሕ ሥራ" አሉኝ።

ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ጥያቄ ላኩ። ጉና ግርጌ ባለው ጣቢያ በክረምቱ መካከል ዜሮ የተጻፈባቸው ቀኖች በዝተውባቸዋል፤ በየዜሮው ማግስት ደግሞ ዝናቡ እጥፍ ነው። የወረቀቱን መዝገብ አወጣሁ። በፈረንጅ ቀን ተበታትነው የነበሩት ዜሮዎች በእኛ ቀን ቦታ ቦታቸውን ያዙ፦ ሰኔ 12፣ ሰኔ 21፣ ሐምሌ 12፣ ሐምሌ 21። ሚካኤልና ማርያም ናቸው። እሑዶቹም እንዲሁ።

"ተመልካቹ ቀልደውብናል" አሉ አቶ ምናለ። "ይሰናበቱና ሌላ ሰው ይተካ።"

"መጀመሪያ ልጠይቃቸው" አልኩ። ያልሰሙኝ ስለመሰለኝ ደገምኩት።

ጉና ግርጌ ወዳለው ጣቢያ ሄድኩ። ተመልካቹ አያ ታከለ የሚባሉ ገበሬ ናቸው። የዝናብ መለኪያው ከገብስ ማሳቸው ዳር በአጥር ተከቦ ቆሟል።

"አያ ታከለ፣ በሚካኤል ዕለት እዚህ አገር አይዘንብም?"

"ይዘንባል እንጂ! ምን ይከለክለዋል?"

"መዝገቡ ግን ዜሮ ይላል።"

"እሱ ይዝነብ፤ እኔ በበዓል አልሠራም።"

"ውሃውስ?"

"የት ይሄዳል? እዚያው መለኪያው ውስጥ ያድራል። በማግስቱ ሦስት ሰዓት ላይ እለካዋለሁ። አንዲት ጠብታ አልደፋሁም፣ ልጄ።"

"ታዲያ ዜሮውን ለምን ጻፉት?"

ቤት ገብተው ሥልጠና ላይ የተሰጣቸውን ወረቀት አመጡ። "የእናንተው ሰው ነው ያዘዘኝ። አንቺው አንብቢው።"

በአቶ ምናለ እጅ ጽሑፍ "ምንም ሳጥን ባዶ እንዳይተው" ይላል።

"ይኸው፣ አልተውኩም። አሁን በስተርጅና ውሸታም ተብዬ ልባረር ነው?"

ወረቀቱን ተውሼ ተመለስኩ።

አቶ ምናለ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት። "አሻራው ልክ ነው፤ ፋይሉ አልተነካም" አሉ። "ሁለተኛ ቅጂ ብናወጣ የመጀመሪያው አይጠፋም። ስህተቱ ሁልጊዜም ይታያል፣ ያውም ባንቺ ፊርማ።"

"ይታይ። አያ ታከለ ግን አይሰናበቱ፤ ውሃውን አልደበቁም።"

ወረቀቱን አጥፈው መለሱልኝ። "ማስታወሻ ጻፊ" አሉ በመጨረሻ። "መመሪያውን ማን እንደጻፈም ጨምሪበት።"

ከሰዓት በኋላ የበዓላቱንና የእሑዶቹን ዜሮዎች "አልተለካም" ብዬ ቀየርኩ። የማግስቶቹን ቁጥር "የተጠራቀመ" አልኩት። ሁለተኛው ፋይል ከነማስታወሻው ተመዘገበ። አያ ታከለ በቦታቸው ቀሩ።

ብሎክቼይን የሚመሰክረው ፋይሉ ከእጃችን ከወጣ በኋላ እንዳልተነካ ነው። ከዚያ በፊት የሆነውን አያውቅም። ያንን የሚያውቀው የለካው ሰው ነው፤ እሱን መጠየቅ የመረጃ ሠራተኛው ሥራ ነው።

በማግስቱ ጠዋት የሌሎቹን ተመልካቾች ስልክ ቁጥር በወረቀት ላይ ገለበጥኩ። ስልክ መደወል አልወድም፤ እስከዚያ ቀን የማገኛቸው በጽሑፍ መልእክት ብቻ ነበር። መጀመሪያ ለእብናት ጣቢያ ተመልካች ደወልኩ። ሰላምታ ተለዋውጠን ስናበቃ በበዓል ዕለት ይለኩ እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

"ቆይኝማ" አሉ። "መዝገቡን ላምጣ።"