በነጠላ የተነገረ እምቢታ

«እምቢ ብለንሽ ነበርኮ፣ ልጄ» አሉኝ አንዲት እናት፣ ስብሰባው ካለቀ በኋላ ክንዴን ይዘው።

ዛሬ ከውሃ ቢሮ ሄደን፣ ማንኩሳ አጠገብ ባለች ቀበሌ የውሃ ጉድጓዱ የት ይቆፈር ብለን ሰው ሰብስበን ነበር።

ወንዶቹ በዱላቸው እየጠቆሙ «መንገድ ዳር» አሉ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው መሬት መሬት አዩ። እኔም «ሁሉም ተስማምቷል» ብዬ ዘጋሁት። (ውሃ የሚቀዱት ወንዶቹ ይመስል።)

«መቼ እምቢ አሉኝ፣ እናቴ?»

«አፋችንን ስንሸፍን ነዋ። መንገድ ዳር ለኛ ሩቅ ነው። ሴት ስለሆንሽ የሚገባሽ መስሎን።»

ነገ እንደገና ልሰበስባቸው ነው። ደክሞኛል።

አሁን በሚኒባስ ወደ ፍኖተ ሰላም እየተመለስኩ ነው። አጠገቤ ያለው ሰውዬ እግሩን አንፈራጥጦ ተቀምጧል። ነጠላዬን አፌ ላይ ሰብስቤ ወደ መስኮቱ ተጠጋሁ።

አልሰማኝም።

እናንተስ፣ ቃል ሳታወጡ እምቢ ብላችሁ ሰሚ ያጣችሁበት ቀን የለም?