ከሦስተኛ ገጽ የሚጀምሩ መጻሕፍት

ይህን ነገር ለቤቴ ሰው ሙሉውን ተናግሬ አላውቅም። ባለቤቴ ግማሹን ታውቃለች፤ ልጆቼ ምንም አያውቁም። ሙሉውን የምናውቀው እግዚአብሔር፣ እኔ፣ እና ዱራሜ የሚኖር አንድ ሰው ከነሚስቱ ነን። አንተ የምታነበኝ ሰው፣ እስክጨርስ አታጽናናኝ።

ሆሳዕና ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። ተማሪ ሆኜ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የለቀምኩት ከመጠቅለያ ወረቀትና ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ አሮጌ ጋዜጣ ነው። በዚህ እኮራ ነበር፤ ከልክ በላይ እኮራ ነበር። ልጆቼን በተርታ አስቀምጬ፣ «ሌባ ሆኖ ከመማር መሃይም ሆኖ መሞት ይሻላል» እላቸው ነበር። ይህን የምለው የት ቆሜ እንደነበር ቆይቼ እነግርሃለሁ።

መምህር ማርቆስ የከምባታ ሰው ነው፤ ከተማችን ውስጥ ያስተምር ነበር። አንድ ቀን ሱሪ ሊያሳጥር መጥቶ ከስፌት መኪናዬ አጠገብ የተቀዳደደ ጋዜጣ አየ።

«ይህን ታነባለህ?»

«እታገለዋለሁ፣ መምህር።»

«ማን ያሸንፋል?»

«እስካሁን እሱ።»

ሳቀ፤ በማግስቱም መጽሐፍ ይዞልኝ መጣ። ከዚያ በኋላ አንዱን ስመልስ ሌላውን እየሰጠኝ፣ ያነበብኩትን እያስነገረኝ፣ ከወረቀት ለቃሚነት ወደ አንባቢነት ያደረሰኝ እሱ ነው። በራሴ ተማርኩ የምለው እንኳ ሙሉ እውነት አልነበረም።

ከዚያ መንግሥት የወንጌል አማኞችን የጸሎት ቤቶች በር አሸገ። መምህር ማርቆስ ሰዎችን ቤቱ ሰብስቦ ይጸልይ ስለነበር የመታሰር ተራው እንደሚደርስ ያውቅ ነበር። በገበያ ቀን፣ የሚጠገን ካፖርት ያመጣ መስሎ፣ አሥራ አንድ መጻሕፍት በጆንያ አድርጎ ሱቄ ገባ። «የልብስ ሰፊ ቤት ማን ይፈትሻል?» አለኝ። ቀጥሎም አንዲት ቃል ብቻ ጨመረ፤ «አደራ»። በሳምንቱ ታሰረ።

ባለቤቴ ጓሮ ውስጥ ቆጮ የምታብላላበት ባዶ ጉድጓድ ነበራት። መጻሕፍቱን በላስቲክ ጠቅልዬ፣ ጉድጓዱ ውስጥ የእንሰት ቅጠል አንጥፌ ቀበርኳቸው።

«ለወረቀት ብለህ ጉድጓዴን ታበላሻለህ?» አለችኝ።

«ወረቀት አይደለም፣ አደራ ነው» አልኳት።

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። እኔው ነኝ።

ክረምቱ አልፎ ፍተሻው ጋብ ሲል አወጣኋቸው። ጥላ ውስጥ አደረቅኋቸው። ጠርዛቸው ቆጮ ቆጮ ቢሸትም ፊደላቸው ደህና ነበር። ቤቴ ውስጥ የጣውላ መደርደሪያ ቸንክሬ ደረደርኳቸው። ሰዋስው፣ የምድር ካርታ ያለበት መጽሐፍ፣ ስለ ሕፃናት ጤና የሚያወራ፣ ወፍራም መዝገበ ቃላት፣ ጥቁር ሽፋን ያለው የመዝሙር መጽሐፍ፤ ሁሉም። እንግዳ ሲመጣ፣ «ይህ ሁሉ ያንተ ነው?» ይለኛል። የመጀመሪያውን ቀን ዝም አልኩ። ሁለተኛውን ቀን፣ «አዎ» አልኩ።

ከ«አዎ» በኋላ ስሙ አስቸገረኝ። በእያንዳንዱ መጽሐፍ የመጀመሪያ ቅጠል ላይ መምህር ማርቆስ ስሙን ጽፏል። የጨርቅ መቀሴን አነሳሁና አሥራ አንዱንም ቅጠል ቆረጥኩ። ፈርቼ ነው ልበል? ልጆቼ አደጋ ላይ እንዳይወድቁ ነው ልበል? ብዙ ጊዜ ለራሴ እንደዚያ ብያለሁ። ግን ፍተሻው ካለፈ በኋላ ነው የቆረጥኩት። የቆረጥኩት መጻሕፍቱ የእኔ እንዲሆኑ ስለፈለግኩ ነው።

በመዝሙሩ መጽሐፍ የመጀመሪያ ቅጠል ላይ ከስሙ በታች የልጆቹ የልደት ቀን ነበር። አራት ስም። የበኩሩ የሳሙኤል ስም ትይዩ ሁለት ቀን ተጽፏል፤ የተወለደበትና የሞተበት። በመካከላቸው አራት ወር። ቅጠሎቹን ላቃጥላቸው እሳት ዳር ተቀመጥኩ፤ የሕፃን ስም ማቃጠል ግን አቃተኝ። ሁሉንም በጨርቅ ቋጥሬ የመርፌ ሣጥኔ ሥር አኖርኳቸው። ይህን ደግነት ብለህ አትቁጠርልኝ። ሌባም አንዳንድ ነገር ይፈራል።

መምህር ማርቆስ በሁለተኛው ዓመት ተፈታ። ከስቶ፣ ኮቱ ትከሻው ላይ ተሰቅሎ፣ ሱቄ ድረስ መጣ። ወደ አገሩ ወደ ዱራሜ ሊሄድ ነበር። ስለ መጻሕፍቱ ከመጠየቁ በፊት ልጆቼን በየስማቸው ጠየቀኝ።

«አቃጠልኳቸው፣ መምህር» አልኩት። «ሊፈትሹ መጡ ሲሉኝ...»

«ደግ አደረግህ» አለኝ። «ሰው ይበልጣል። እንዲያውም ልጆችህን አደጋ ላይ ጥዬ ስለነበር ይቅርታ አድርግልኝ።»

አስተውለሃል? ይቅርታ የጠየቀኝ እሱ ነው። ከበሩ ከወጣ በኋላ ተመለሰ። «የመዝሙሩ መጽሐፍስ? የመጀመሪያዋ ቅጠል ብቻ እንኳ? የሳሙኤል እናት ስለ ልጇ ያላት ማስታወሻ እሷ ብቻ ነበረች።» ቅጠሏ ከተቀመጥኩበት ክንድ በማይሞላ ርቀት መርፌ ሣጥኑ ሥር ነበረች። «አልተረፈችም» አልኩት። ለባለቤቴ ደግሞ፣ «መጻሕፍቱን መርቆልኛል» አልኳት።

ሰባት ዓመት በዚያ መደርደሪያ ሥር ቆሜ ለልጆቼ ስለ እውነት ሰበክሁ። አዎ፣ እዚያ ነበር የምቆመው። በመጨረሻ ስድስተኛ ክፍል የደረሰችው ልጄ አማረች፣ መጻሕፍቱን አንድ በአንድ ከገላለጠች በኋላ፣ እንዲህ ብላ ጠየቀችኝ።

«አባዬ፣ ያንተ መጻሕፍት ሁሉ ለምንድን ነው ከሦስተኛ ገጽ የሚጀምሩት?»

ምን ያደረግኩ ይመስልሃል? አንበረከክኋት። «የአባትሽን ዕቃ የምትመረምሪ አንቺ ማን ነሽ?» ብዬ እጇን ወደ ላይ አስይዤ አንበረከክኋት። አላለቀሰችም። መደርደሪያውን ትክ ብላ እያየች ቆየች። እውነቱን የጠየቀችኝን ልጅ ቀጣሁ። ለዚያ ቤት ከእኔ ይልቅ እሷ ዳኛ መሆን ይገባት ነበር።

በሳምንቱ መጻሕፍቱን በጆንያ፣ ቅጠሎቹን በደረት ኪሴ ይዤ ዱራሜ ወረድኩ። መምህር ማርቆስ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ነበር። ቆሜ ሁሉንም ነገርኩት። አላቋረጠኝም። ስጨርስ ጆንያውን አልነካም፤ እጁን ለቅጠሎቹ ዘረጋ። የመዝሙሯን ቅጠል አገኘና በከምባትኛ ሚስቱን ጠራት። ሊጥ በእጇ እንዳለ ወጣች። ማንበብ አትችልም፤ እሱ የሳሙኤልን ስም በጣቱ አሳያት። ሊጡ እንዳይነካው በእጇ ጀርባ ዳሰሰችው።

ከዚያ ጆንያውን ፈታችና አሸተተች። «ቆጮ!» አለች። «በዘጠኝ ዓመቱማ በስሎ ይሆናል።» ዓይኗ እንባ እንደሞላ ነበር የሳቀችው።

መምህር ማርቆስ ግን አልሳቀም። አንዱን መጽሐፍ ከፍቶ የቆረጥኩበትን ቦታ አየ። ልብስ ሰፊ ሲቆርጥ ለስፌት ትርፍ ይተዋል፤ እኔም ሳላስብ፣ ከእጅ ልማድ፣ በየመጽሐፉ የጣት ስፋት ትቼ ነበር።

«መርፌ ይዘሃል?»

«ከኮሌታዬ አይጠፋም።»

«እንግዲያው ቁጭ በል። የቆረጥከውን ስፋ።»

ደጃፉ ላይ ተቀምጬ አሥራ አንዱን ቅጠል በቀጭን ክር ወደየቦታው መለስኩ። የመዝሙሩን ቅጠል መጨረሻ ላይ ሰፋሁት። ስጨርስ ስፌቱን በጥፍሩ ፈተሸና፣ «ይይዛል» አለኝ። ይቅር ብዬሃለሁ አላለኝም፤ እኔም አልለመንኩትም። እራት አብልተው አሳደሩኝ። ያን ሌሊት የተኛሁትን እንቅልፍ በሰባት ዓመት ውስጥ ተኝቼው አላውቅም። በማግስቱ ጆንያዬን ባዶ አጣጥፌ ስመለስ፣ መንገድ ላይ አንጋጫ ከተማ መኪናው ተበላሽቶ ሁሉም ሲያማርር እኔ ብቻ እስቅ ነበር።

ቤት ስደርስ ግን፣ «መጻሕፍቱን ለሰው አውሼያቸዋለሁ» አልኩ። አየህ? አንዱን ውሸት ሰፍቼ ሌላ ቀደድኩ። ከዚያ ወዲህ መደርደሪያዬ ላይ የቆሙት በመርፌዬ ሠርቼ የገዛኋቸው ዘጠኝ መጻሕፍት ናቸው። ሁሉም ከመጀመሪያው ገጽ ይጀምራሉ።

አማረች ልጄ፣ አሁን አንቺም እናት ሆነሻል። ያን ቀን በጉልበትሽ ቆመሽ መልስ የጠበቅሽው አንቺ ነሽ፤ የዋሸው አባትሽ ነው። ሰበብ የለኝም። ይቅር በይኝ፤ ካልሆነልሽም እውነቱ ይኑርሽ። ከአባትሽ ታሪክ ተቆርጦ የነበረው የመጀመሪያ ቅጠል ይኸውልሽ።