ዳኞቹ ያላዩት ምት

አብዮት ጠባቂዎች የያዙኝ ካራቴ ሳስተምር ነው። ተማሪዎቼን ግድግዳ አስደግፈው ፈተሹና እኔን «ለማን ነው የምታሰለጥናቸው?» አሉኝ። ለውድድር ነው ብል የሰማኝ የለም። ያስገቡኝ ድሬ፣ መጋላ ሰፈር ዳር፣ ከአንድ ነጋዴ የተወረሰ መጋዘን ውስጥ ነበር። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ገና በረፋዱ ያቃጥላል። ክፍሉ ላብና የከረመ ሽንኩርት ይሸታል።

ከታሰርነው መካከል ሁለት የማይነጋገሩ ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ የባቡር መካኒክ፣ ሌላው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ። መካኒኩ «ስሜን ለጠባቂዎቹ የሰጠው እሱ ነው» ይላል። የፋብሪካው ሰው አንድ ጊዜ ብቻ «አልሰጠሁም» ብሏል። አንድ ቀን ቀትር ላይ በውሃ ተራ ተያያዙ። መካኒኩን ከሰውየው ጉሮሮ ላይ ያላቀቅነው ተረባርበን ነው።

የክፍላችን ሽማግሌ፣ ሐጂ የምንላቸው የመጋላ ነጋዴ ነበሩ። «አቦ ተዉ እንጂ፣ ጠባቂዎቹ ቢሰሙ የምንገረፈው ሁላችንም ነን» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ያ የምታስተምረው ነገር ሰው ሳይጎዳ የሚመታበት መንገድ አለው?»

«አለው ሐጂ። መንካት ይፈቀዳል፣ መጉዳት ግን ያስቀጣል። ደም ያፈሰሰ ይሸነፋል።»

«እንግዲያው አጋጥማቸው። ይሄ ነገር በሆነ መንገድ ይውጣላቸው።»

ጉልበት አልነበረኝም፤ ሆኖም ተነሳሁ። ምንጣፉ ተጠቅልሎ መሃሉ ተለቀቀ። በየማዕዘኑ አንድ ዳኛ አስቀመጥኩ፤ አንዱ ሐጂ ናቸው። «ምቱ በትክክል ከደረሰ፣ መቺውም ኃይሉን ከተቆጣጠረ እጃችሁን አንሱ። ያላያችሁትን አታንሱ» አልኳቸው። ከቀበቶ በታች መምታት የለም። ምት ባረፈ ቁጥር አስቆማለሁ፤ ሦስት ዳኛ ከተስማማ ነጥብ ነው። ቀድሞ ሦስት ነጥብ ያገኘ ያሸንፋል። በውድድር ሲመቱ ይጮኻል፤ እዚያ ግን በሩ ላይ ጠባቂ ስላለ ከለከልኩ።

ሁለቱም ካራቴን የሚያውቁት ሲኒማ ቤት ካዩት ነው። ረሃብ አድክሟቸው ስለነበር እጃቸውን ሲሰነዝሩ የታመሙ ይመስሉ ነበር። መካኒኩ ግን ገና ከመጀመሩ የሰውየውን ጎን በሙሉ ኃይሉ መታው። አስቆምኩት።

«ማስጠንቀቂያ። ከደገምክ ተሸንፈሃል።»

«ስሜን የሰጠውን ሰው አትምታ ነው የምትለኝ?»

«እኔ የምዳኘው ምቱን ነው» አልኩት።

ትንፋሹን ሰብስቦ ወደ ቦታው ተመለሰ። ከዚያ በኋላ በልኩ ይመታ ነበር።

ሁለት ለሁለት ሆኑ። የመካኒኩ ቡጢ በሰውየው ክንድ ስር ሾልኮ ሲገባ ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ በደንብ አላየሁም። ሐጂና አንድ ሌላ ዳኛ እጃቸውን አነሱ። ሁለቱ አላነሱም። ነጥብ የለም ልል ስል የፋብሪካው ሰው እጆቹን ወደ ታች አወረደ።

«ነክቶኛል» አለ።

«ዳኞቹ አልተስማሙም።»

«እነሱ ባያዩም እኔ አውቀዋለሁ። ነጥቡ የእሱ ነው።»

የመካኒኩን እጅ ይዤ ከፍ አደረግሁ። ያጨበጨበ የለም። እጁን ከእጄ አላቀቀና ሰውየውን ትንሽ አየው።

«ቅድም ጎንህን ጎዳሁህ?»

«ትንሽ።»

«እስቲ ልየው።»

ግድግዳው ስር ተቀመጡ። መካኒኩ የሰውየውን ሸሚዝ ገልጦ ጎኑን ያሽለት ጀመር።

ብዙም ሳይቆይ የፋብሪካውን ሰው «ዕቃህን ይዘህ ውጣ» ብለው ጠሩት። መካኒኩ ጥቅልሉን ተሸክሞ እስከ በሩ ሸኘው። ሰውየውን ከዚያ ወዲያ ያየው የለም።

እኔና መካኒኩ ተፈታን። ዛሬ ሁለታችንም አርጅተናል። አሁንም እዚሁ ድሬ የልጆች ውድድር ስዳኝ አንዳንዴ መጥቶ ያያል። ከውድድር በኋላ ሻይ ስንጠጣ፣ ለዓመታት ልጠይቀው ስፈራ የኖርኩትን ነገር በቅርቡ ጠየቅሁት።

«ስምህን ሰጥቶ ነበር ወይ ብለህ ዳግመኛ ጠይቀኸዋል?»

ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ጎኑን እያሸሁለት እንዴት ብዬ ልጠይቀው?» አለኝ።