የዊልማ ትከሻና የአውቶቡሱ በር

ዊልማ ህሩስካ ኦሃዮ ውስጥ የተማሪ አውቶቡስ መንዳት ከጀመረች አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። የጉንፋን ክትባት ቀኝ ትከሻዋን ከጎዳው ወዲህ ግን ሰው አታምንም፤ የካሳ ጥያቄዋን የያዘላትን ወጣት ጠበቃ ፕሪቻርድን እንኳ።

መንግሥት ክትባት ለጎዳቸው ሰዎች የሚከፍለውን ካሳ ለማግኘት ሕመሙ በተወጋች በሁለት ቀን ውስጥ መጀመሩን ማሳየት ነበረባት። እሷ ደግሞ ሐኪም ዘንድ የሄደችው ከሦስት ወር በኋላ ነው። ፕሪቻርድ በየማለዳው የምትሞላውን የአውቶቡስ ፍተሻ ቅጽ ሲጠይቃት ዓይኗን አጠበበች።

«ገባኝ! መንዳት አትችልም ብላችሁ ከሥራዬ ልታስነሱኝ ነው።»

«ወይዘሮ ዊልማ፣ እኔ እኮ የእርስዎ ጠበቃ ነኝ!»

«እሱን እናያለን፣ አንተ ልጅ።»

እያጉረመረመች አመጣችለት። በተወጋች ማግስት በገዛ እጇ፣ «የበሩ እጀታ አልሳብ ብሏል፤ ቀኝ ትከሻዬን ሊገነጥለው ነው» ብላ ጽፋለች። መካኒኩ ከሥሩ፣ «በሩ ምንም አልሆነም» ብሎ ፈርሟል።

ፕሪቻርድ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «ሁሉን ሲጠረጥሩ መርፌውን ብቻ ማመንዎ!»

በዚያ ወረቀት የመንግሥት ጠበቆች ለመስማማት እሺ አሉ። ዊልማ ግን ስምምነቱን ሦስት ጊዜ ሳታነብ አልፈረመችም፤ ቅጂውንም ኮፒ ማሽኑ አጠገብ ቆማ፣ ገጽ በገጽ እየቆጠረች አስነሳች።